የሰብለን መልክ ማን ነገራቸው?

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን መጀመሪያ ያወቅሁት በዓይኔ ሳይሆን በጆሮዬ ነው። ዱርቤቴ ላይ፣ ሬዲዮ ያላት አክስቴ ቤት። ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው ጎረቤቱ ሁሉ ይሰበሰብ ነበር። ቡናው በየሲኒው ይቀዘቅዛል እንጂ የሚተነፍስ አልነበረም። ማንበብ የማትችለው አክስቴ ሰብለ ወንጌልን በደንብ ታውቃት ነበር፤ በልጅነቷ የሞተችባትን ታናሽ እህቷን ትመስላታለች። እኔ ደግሞ ስሟን የማልነግራችሁን አንዲት የክፍል ጓደኛዬን። በአንዲት ክፍል ውስጥ ስንት ሰብለ ነበረች!

በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ መጽሐፉ በሰውመሆን ይስማው አዘጋጅነት ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ሆኖ ሊቀርብ ነው ሲባል፣ ለአክስቴ ደውዬ አበሰርኳት። ትንሽ ዝም አለች።

«አንተ ልጅ፣ የሰብለን መልክ ማን ነገራቸው?»

ሳቅሁ። ጥያቄዋ ግን አልለቀቀኝም። ጋብሬል ጋርሲያ ማርኬዝም የሚፈራው ይህንኑ ነበር። «የመቶ ዓመት ብቸኝነት»ን ፊልም እናድርገው ለሚሉት እምቢ እንዳለ እ.ኤ.አ. በ2014 ሞተ፤ አንባቢው ገጸ ባሕርያቱን በራሱ ልብ እንዲስላቸው ይፈልግ ነበር። ልጆቹ ፈቀዱና በኔትፍሊክስ ለዕይታ የበቃው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። የእኛው ድራማ በጀመረበት ዓመት መሆኑ ይገርማል።

እኔ ግን ፊልም ሠሪውን በመልክ አልከሰውም። ብዕር «ቆንጆ ናት» ብሎ ማለፍ ይችላል፤ ካሜራ አይችልም፣ የአንዲት ሴት ፊት ማሳየት አለበት። የጉዱ ካሳን ሙግት እንዳለ ላቅርበው ቢልም ተመልካቹ ያዛጋበታል። መቁረጥ ግድ ነው። ታዲያ ምኑ ይቆረጥ? ነገሩ የሙያ መሆኑ ቀርቶ የሕሊና የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። (ድራማውን እየገመገምኩ አይደለም፤ ጥያቄው ለማንኛውም አዘጋጅ ነው።)

የበዛብህ አገር ማንኩሳ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስንሄድ መንገድ ላይ የምናገኛት ከተማ ናት። በዛብህ በስለት ለእግዚአብሔር የተሰጠ የድሃ ገበሬ ልጅ ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ደግሞ የሰብለ አባት ብቻ አይደሉም፤ ገበሬው ላይ ዘምተው በእነ አበጀ በለው የሚማረኩ ባላባት ናቸው። ሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፉን በ1958 ዓ.ም. አሳተሙ። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር አልከፍልም ብሎ ተነሳ። መጽሐፉ አስነሳው እያልኩ አይደለም፤ ደራሲው የሚጽፉለትን ሕዝብ ሆድ ያውቁት ነበር ለማለት ነው።

ፍቅር ለካሜራ ይመቻል፤ ግብርና ስለት አይመቹም። አዘጋጁ የሁለቱን ልጆች ዕንባ አስቀርቶ ገበሬውን ቢያወጣው ማን ይከሰዋል? ታሪኩ ያው ነው፣ ስሞቹም ያው። ግን እነዚያን ልጆች የገደላቸው ዕድል ይሆናል ማለት ነው፤ ሐዲስ ደግሞ ገዳዩን በስም ነበር የጠሩት፦ የዘር ሐረግ ቆጠራ፣ ባላባትነት፣ «አባቶቻችን ያቆዩን ነው» የሚባል ልማድ። ከዚህ ይልቅ ሰብለን አጭር ቢያደርጋት፣ ጠይም ቢያደርጋት፣ ግማሹን ምዕራፍ ቢዘለው ይሻለኛል። አያቴ ለጉልተኛ እህል ሲሰፍር የኖረ ሰው ነው። በዚያ ፊልም ውስጥ ከፈረስ ኋላ የሚታይ አቧራ ሆኖ እንዲቀር አልፈልግም።

በሳምንቱ ለአክስቴ መልሼ ደወልኩ። «የሰብለን መልክ ማንም አልነገራቸውም፤ ራሳቸው መርጠው ነው» አልኳት።

«እሱስ ይሁን» አለች። «አበጀ በለው አለበት?»