የውሻ ጥርስና የባለቤቱ ዕዳ

ውሻ የነከሰው ሰው ካሣ የሚጠይቀው ባለቤት አለ፤ በጫሞ ሐይቅ አዞ የነከሰው ግን ማንን ይከሳል? በሐይቁ የሚኖረውን አዞ ቀልቦ ያሳደገው፣ በር ከፍቶም የለቀቀው ሰው የለም። ውሻ ከዚህ ይለያል። ሰው መርጦ ያመጣዋል፣ ስም ያወጣለታል፣ ይመግበዋል፣ ቀን አስሮ ማታ ይፈታዋል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንደሚባለው ጩኸቱ የሚጠቅመው ያበላውን ቤት ነው፤ ጥቅሙን የወሰደ ቤት የጥርሱንም ዕዳ ይወስዳል። ውሻ ሊያሳድግ ያሰበ ወጣት ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ይህን ነው።

በጋሞ ምድር ውሻ ሥራ ያለው እንስሳ ነው። በቆላው፣ በላንቴ፣ በሻራና በጫኖ፣ ከማሳ ዝንጀሮና ከርከሮ ያባርራል፤ በደጋው፣ በጨንቻና በዶርዜ፣ የእንሰት ጓሮና የበግ በረት ይጠብቃል። በአርባ ምንጭ ከተማ፣ በሲቀላም ሆነ በሴቻ፣ በአጥር ግቢ ውስጥ ይውላል፤ ጠያቂ የሌለው ደግሞ በሥጋ ቤቶችና በቆሻሻ መጣያ ዙሪያ ይንከራተታል። ጎሕ ሲቀድ ሸክም ይዞ ወደ ገበያ የሚወርድ፣ ማልዶ ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ፣ አምሽቶ በሞተር ሳይክል የሚመለስ ሁሉ ማታ የተፈታውን ውሻ በመንገድ ላይ ያገኘዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የእብድ ውሻ በሽታ አለበት ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች መካከል 40 ከመቶው ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ልጅ ቁመቱ አጭር ስለሆነ ንክሻው ፊቱንና አንገቱን ያገኘዋል፤ ቅጣት ፈርቶም ለወላጁ ሳይናገር ሊቀር ይችላል። ስለዚህ በውሻ የተቧጨረ ልጅ ያለ ፍርሃት የሚናገርበት ቤት መኖር የመጀመሪያው መድኃኒት ነው።

የውሻ ንክሻ ከላይ ሲያዩት ትንሽ ቀዳዳ ሊመስል ይችላል። የውሻ ጥርስ ግን ቆዳውን ብቻ አይበሳም፤ መንጋጋው ሥጋውን ይጨፈልቃል፣ ጅማትና ነርቭ ይጎዳል፣ በአፉ ያለውን ጀርምም ወደ ውስጥ ያስገባል። በተለይ የእጅ ንክሻ ቶሎ ያመረቅዛል፤ ካልታከመ ጣት እስከማጣት ሊያደርስ ይችላል። መንጋጋ ቆልፍ የሚባለው ቴታነስም በእንዲህ ዓይነቱ ጠባብና ጥልቅ ቁስል ይገባል።

ከሁሉ የሚከፋው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ቫይረሱ በታመመው እንስሳ ምራቅ ውስጥ ይገኛል፤ በንክሻ፣ በጭረት ወይም የተላጠ ቆዳን በመላስ ወደ ሰው ይገባል። ከዚያ በነርቭ አድርጎ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። ጉዞው ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈጃል፤ አንዳንዴ ሳምንት፣ አንዳንዴም ዓመት ሊሆን ይችላል። ውሃ መፍራት፣ መወራጨት፣ መቃዠት ከጀመረ በኋላ የታመመው ሰው የሚተርፈው እጅግ ከስንት አንዴ ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው አጋጣሚዎች 99 ከመቶ የሚሆኑት በውሻ የሚመጡ ናቸው። ኢትዮጵያም ክፉኛ ከተጎዱት አገሮች አንዷ ናት። ይሁን እንጂ ከንክሻው እስከ ሕመሙ ያለው የሳምንታትና የወራት ጊዜ የመዳኛ ጊዜ ነው፤ በሰዓቱ የተከተበ ሰው ይድናል።

የመጀመሪያው ሕክምና በማንኛውም ቤት ይገኛል። ቁስሉ ወዲያውኑ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ይታጠባል፤ ሳሙናና ውሃ አብዛኛውን ቫይረስ ከቁስሉ ጠርጎ ያወጣል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። የቡና ዱቄት፣ ቅቤ፣ በርበሬ ወይም የተቀጠቀጠ ቅጠል መነስነስ ቁስሉን ያቆሽሻል እንጂ አያድንም። ከታጠበ በኋላ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ቁስሉ ይሰፋ አይሰፋ የሚለውን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ የውሻ ንክሻን ቸኩሎ መስፋት ጉዳት አለውና። ከባድ ቁስል ላይ ከክትባቱ ጋር በሽታውን በቀጥታ የሚከላከል ሌላ መድኃኒት በቁስሉ ዙሪያ ይሰጣል።

ክትባቱ አንድ መርፌ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው በዕለቱ፣ ቀጣዮቹ በ3ኛውና በ7ኛው ቀን፣ የቀሩትም ሐኪሙ በሚያዘው ቀን ይሰጣሉ። ቀድሞ በኢትዮጵያ ይሰጥ የነበረው ከእንስሳ አንጎል የሚሠራው ክትባት በሆድ ላይ ለብዙ ቀናት ስለሚወጋ ሰዎችን ያስፈራ ነበር፤ የዛሬው ዘመናዊ ክትባት ክንድ ላይ የሚወጋና ቁጥሩም ያነሰ ነው። ቁስሉ ስለደረቀ ክትባቱን መሐል ላይ ማቋረጥ ትልቅ ስሕተት ነው። ቫይረሱ የሚጓዘው በነርቭ እንጂ በቁስሉ ላይ አይደለምና የቁስል መድረቅ ምንም አያረጋግጥም። ጸበልም ሆነ የባህል መድኃኒት የሚሻ ሰው ክትባቱን ሳያቋርጥ ሊያደርገው ይችላል፤ ክትባቱን ትቶ በእነርሱ ብቻ የተማመነ ግን የማይመለስ ጊዜ ያልፈዋል።

ውሻውን ወዲያው በድንጋይ ቀጥቅጦ መግደል የተለመደ ነው፤ ይህ ግን የተነከሰውን ሰው አይጠቅምም። በምራቁ ቫይረስ ያለበት ውሻ ብዙ ቀን በጤና አይቆይም። ስለዚህ ጤነኛ የሚመስል ውሻ ታስሮ ለ10 ቀን ይታያል። 10ሩን ቀን በጤና ከቆየ በንክሻው ጊዜ በምራቁ ቫይረስ አልነበረም ማለት ነው፤ ሐኪሙም ክትባቱን ሊያቆም ይችላል። ድምፁ ከተለወጠ፣ ለሃጩ ከተዝረበረበ፣ ያገኘውን ሁሉ ከነከሰ ወይም በተቃራኒው ደንዝዞ መንጋጋው ከወደቀ የእንስሳት ሐኪም ወዲያውኑ ሊያውቅ ይገባል። ውሻው ከሞተ ጭንቅላቱ በባለሙያ እጅ ተይዞ ለምርመራ ይላካል፤ በአዲስ አበባ ጉለሌ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «ፓስተር» እያለ የሚጠራው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይህን ምርመራ ያደርጋል። ሐኪሙም ዳኛውም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ውሻው የማን ነው፣ አሁንስ የት ነው? ውሻውን የሚደብቅ ባለቤት የጎረቤቱን ሕይወትና የራሱን መከላከያ በአንድ ጊዜ ያጠፋል።

ወደ ሕጉ ሲመጣ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ ጉዳዩን በግልጽ ደንግጎታል። በአንቀጽ 2071 መሠረት የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው። እንስሳው ሳይታሰብ አምልጦ ቢሆንም፣ ጉዳቱ ይደርሳል ተብሎ የማይገመት ቢሆንም ኃላፊነቱ አይቀርም። ስለዚህ «ውሻዬ ነክሶ አያውቅም» ወይም «ሰንሰለቱን በጥሶ ነው» የሚለው መልስ ባለቤቱን ነፃ አያወጣውም። በአንቀጽ 2072 ደግሞ እንስሳውን ለራሱ ጥቅም የያዘ፣ የተከራየ፣ የተዋሰ ወይም እንዲጠብቅ የተረከበ ሰው በእጁ ሳለ ለደረሰው ጉዳት ይጠየቃል። የጎረቤቱን ውሻ ለአንድ ወር ማሳ እንዲጠብቅለት የወሰደ ገበሬ በዚያ ወር ለሚደርሰው ንክሻ ተጠያቂ የሚሆነው በዚህ ነው። በባለቤቱ ትእዛዝ ውሻውን የሚይዝ ተቀጣሪ ዘበኛ ግን ራሱ ካላጠፋ አይጠየቅም።

አንቀጽ 2073 ለባለቤቱ አንድ በር ይከፍታል። እንስሳው የቤት እንስሳ ከሆነ ባለቤቱ ባለሀብትነቱን ለተጎዳው ሰው በመልቀቅ ከኃላፊነት ሊድን ይችላል። ይህ ለሚዋጋ በሬ ትርጉም አለው፤ በሬ ዋጋ ያለው ሀብት ነውና። ተናካሽ ውሻ ግን ለተጎዳው ሰው ምን ይጠቅመዋል? ሆኖም በሩ የሚከፈተው ላላጠፋ ሰው ብቻ ነው። ጉዳቱ የደረሰው በባለቤቱ ወይም እርሱ በሚጠየቅላቸው ሰዎች ጥፋት ከሆነ እንስሳውን መልቀቅ አያድንም። በቀን የተፈታ፣ የተበሳሳ አጥር ያለው፣ ቀድሞ ሰው ነክሶ ዝም የተባለ ውሻ ባለቤት ጥፋቱ ይታያል። ሕግን ወይም የከተማ ደንብን መጣስም በራሱ ጥፋት ነው። በበር ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ብሎ መጻፍ ለመንገደኛው ማስጠንቀቂያ ነው፤ ያው ጽሑፍ ባለቤቱ የውሻውን ጠባይ ያውቅ እንደነበረም ይመሰክርበታል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 ስለ ተዋጊ በሬ የተደነገገውም ባለቤቱ አስቀድሞ ተነግሮት እንደሆነና እንዳልሆነ ይለያል፤ አውቆ ዝም ያለ ሰው ጥፋት ከጥንት ጀምሮ የከበደ ነው።

የተጎዳው ሰውም የራሱ ድርሻ ይታያል። በሌሊት አጥር ዘሎ የገባ ወይም የታሰረ ውሻን በዱላ ያስቆጣ አዋቂ ሰው ለደረሰበት ጉዳት በከፊልም ሆነ በሙሉ ራሱ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ካሣው ይቀንሳል ወይም ይቀራል። ውሻው በቸልተኝነት በመለቀቁ ሰው ከቆሰለ ጉዳዩ ወደ ወንጀልም ሊሻገር ይችላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 559 በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስን፣ በአንቀጽ 543 ደግሞ በቸልተኝነት ሰው መግደልን ያስቀጣል።

ካሣ የሚለካው በደረሰው ጉዳት ልክ ነው። የሕክምናና የክትባት ወጪ፣ ከጨንቻ ወይም ከቆላው ቀበሌ ወደ አርባ ምንጭ የተመላለሱበት መጓጓዣ፣ ሥራ የተፈታበት ቀን ገቢ ይታሰባል፤ ጉዳቱ ዘላቂ ከሆነ ወደፊት የሚቀረው ገቢም ይጨመራል። በሞት ጊዜ በሟቹ ይረዱ የነበሩ የቅርብ ቤተሰቦች ካሣ ሊጠይቁ ይችላሉ። ለኅሊና ጉዳት የሚሰጠውን ካሣ ግን ሕጉ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ስለወሰነው የክሱ ክብደት ያለው በተቆጠረው ወጪና በቀረው ገቢ ላይ ነው። ስለዚህ ደረሰኝ መጣል ገንዘብ መጣል ነው። የሐኪም ማስረጃ፣ የክትባት ካርድ፣ የቁስሉ ፎቶግራፍ፣ ያዩ ሰዎች ስም፣ ለቀበሌ ወይም ለፖሊስ የተመዘገበ አቤቱታ ሁሉ በአንድ ቦታ ይቀመጣል። የክሱ ይርጋ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ 2 ዓመት ነው፤ ነገሩ ረዘም ያለ ይርጋ ያለው ወንጀል ከሆነ የወንጀሉ ይርጋ ይሠራል።

ጎረቤት ከጎረቤት ፍርድ ቤት ሳይሄድም መጨረስ ይችላል። በጋሞ ዱቡሻ የሚባለው የሸንጎ ቦታ ነገር በአደባባይ የሚነገርበት፣ አባቶች ሰምተው የሚያስታርቁበት ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ለበቀል የተነሡ ወጣቶችን የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው ተንበርክከው መመለሳቸው የዚህን ሥርዓት ክብር ለአገር አሳይቷል። ያን ያህል ቁጣ ያበረደ ሥርዓት በውሻ ምክንያት የተቀያየመ ጎረቤትን ማስታረቅ አያቅተውም። የተነከሰ ሰው በበቀል የጎረቤቱን ውሻ በመርዝ ቢገድል ግን ለምርመራ የሚያስፈልገውን ማስረጃ ያጠፋል፣ ራሱም ተጠያቂ ይሆናል። በእርቅም ጊዜ መቸኮል አይገባም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት በአግባቡ የተደረገ የእርቅ ስምምነት በተስማሙት መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ይቆጠራል። ክትባቱ ሳያልቅ፣ ቁስሉ ሳይድን፣ ጣቱ መታጠፉ ሳይታወቅ በጥቂት ብር ተስማምቶ የፈረመ ሰው በኋላ ተመልሶ መጠየቅ ሊቸግረው ይችላል። የመጀመሪያውን ወጪ ተቀብሎ የቀረውን ለይቶ በጽሑፍ ማቆየት ይሻላል።

ከንክሻ በፊት የሚሠራው ሥራ ከካሣው ሁሉ ያንሳል። ቡችላ ሦስት ወር ሲሆነው ይከተባል፣ ከዚያም በእንስሳት ሐኪሙ ቀጠሮ ክትባቱ ይታደሳል፤ ካርዱ ከቤቱ ሰነዶች ጋር ይቀመጣል። በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 ከመቶው ሲከተቡ በሽታው መተላለፉ ይቆማል፤ የአንዱ ቤት ክትባት የመንደሩም ጥበቃ የሚሆነው ለዚህ ነው። ውሻ ቀን ይታሰራል፣ ማታም ቢሆን አጥሩ በጠበቀ ግቢ ይፈታል። መመገብና ማስለመድ የማይችል ሰው ባያሳድግ ይሻላል፤ የተራበና የሚደበደብ ውሻ ያገኘውን ይነክሳል። ቡችሎችን በገበያ ዳር መጣልም በሌላ ሰው ልጅ ላይ አደጋ መጣል ነው። ልጆችም የሚበላን፣ የተኛን ወይም ቡችሎች ያሏትን ውሻ እንዳይነኩ፣ ውሻ ሲመጣባቸው ሳይሮጡና ዓይኑን ትኩር ብለው ሳያዩ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ በቤት ይማራሉ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ውሻ ቢነክስ የባለቤቱ የመጀመሪያ ሰዓት ሥራ የታወቀ ነው። ውሻውን ያስራል፣ የተነከሰውን ሰው ቁስል ያሳጥባል፣ ይዞት ወደ ሕክምና ይሄዳል፣ የውሻውን የክትባት ካርድ ለሐኪሙ ያሳያል፣ ወጪውን ይሸፍናል፣ ውሻውን 10 ቀን ያስጠብቃል፣ እስከ መጨረሻው መርፌም የተነከሰውን ሰው ይጠይቃል። እንዲህ ያደረገ ሰው ከኃላፊነት አይድንም፤ ሕጉ ዕዳውን አያነሣለትም። ነገር ግን የጎረቤቱ ልጅ ይድናል፣ ጉዳቱ ስለሚያንስ ካሣው ያንሳል፣ በዱቡሻም በፍርድ ቤትም የሚናገረው እውነት ይኖረዋል።