መጣልና መገፈፍ

ሌላውን ፍጡር መርዳት እስከ የት ድረስ ነው? ጥያቄውን በእባብ ልጀምረው። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ሲባል እየሰማ ያደገ አንባቢ፣ «ደግሞ ለእባብ ምን ሥነ ምግባር ያስፈልገዋል!» ይል ይሆናል። ይበል። ሥነ ምግባራችን የሚፈተነው በምንወደው ፍጡር ብቻ ከሆነ ግን ፈተናው እጅግ ቀላል ነው።

በአሜሪካና በአውሮፓ እባብን በመስተዋት ሣጥን ውስጥ አድርገው በቤታቸው የሚያኖሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። ከሚወደዱት አንዱ፣ ሲደነግጥ እንደ ኳስ ስለሚጠቀለል «ኳስ ዘንዶ» የሚባለው ነው። መርዝ የለውም። አገሩ ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ሲሆን፣ ከጋና፣ ከቶጎና ከቤኒን እየተጫነ ለውጭ ገበያ ሲሸጥ ኖሯል። በአገሩ ቀኑን የሚያሳልፈው በአይጥ ጉድጓድና በምስጥ ኩይሳ ውስጥ ነው፤ እዚያ ደግሞ አፈሩ እርጥበት አያጣም።

የእባብ የላይኛው ቆዳ ከአካሉ ጋር እየሰፋ አይሄድም። ስለዚህ ከሥር አዲስ ይሠራና አሮጌውን ይጥላል። መጀመሪያ መልኩ ይደበዝዛል፤ ከዚያም በአሮጌውና በአዲሱ ቆዳ መካከል ፈሳሽ ስለሚገባ ዓይኑ ወተት የነካው ሰማያዊ ይመስላል። እባብ የዓይን ቆብ የለውም፤ ዓይኑን የሚጠብቀው ጥርት ያለ ስስ ቅርፊት ነው፤ እሱም አብሮ ይለወጣል። በእነዚህ ቀናት ማየት ይቸግረዋል፤ ይደበቃል፣ ምግብ ይተዋል፣ ሲነኩት ይቆጣል። ቆይቶ ዓይኑ እንደገና ይጠራል። ከጥቂት ቀናት በኋላም አፍንጫውን በድንጋይ ወይም በእንጨት እያሸ፣ ከከንፈሩ ጀምሮ ቆዳውን እንደ ካልሲ ገልብጦት ይወጣል። ነገሩ ሁሉ 1 ወይም 2 ሳምንት ይፈጃል።

ታዲያ ባለቤቱ ምን ያድርግ? ደግነት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቆዳው ተሰነጣጥቆ ሲንጠለጠል ያየ ሰው እጁን ይበላዋል። «ልገላግለው» ይላል። ይሁንና ያልለቀቀ ቆዳ ሲጎተት ከሥሩ ያለውን ያቆስላል፤ የዓይኑ ቅርፊት በጥፍር ሲነሣማ ዓይኑ ራሱ ሊጎዳ ይችላል። መጣል ሌላ፣ መገፈፍ ሌላ!

«እንግዲያው ተፈጥሮ ሥራዋን ትሥራ፣ እኛ ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። ይህም አያስኬድም። ጅራቱ ጫፍ ላይ እንደ ቀለበት የቀረ ቆዳ የደሙን መተላለፊያ አንቆ ጫፉን ሊያደርቀው ይችላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ቆዳው እየተቆራረጠ የሚቀረው ብዙውን ጊዜ እባቡ ስላቃተው ሳይሆን ሣጥኑ ስለ ደረቀ ነው። ያደረቀውስ ማን ነው? እንዲሞቀው ብሎ አምፖል የሰቀለበት ሰው ነዋ! እባቡ ከጉድጓዱ ወጥቶ መስተዋት ውስጥ ከገባ በኋላ «ተፈጥሮ» ማለት ከኃላፊነት መሸሺያ ነው።

በመሠረቱ ማሰሩስ ተገቢ ነበር ወይ? ብሎ መጠየቅ ይቻላል፤ መጠየቅም ይገባል። ያሰረ ሰው ግን ቢያንስ የወሰደበትን ይመልስለት። የአየሩን እርጥበት ከ60 በመቶ በላይ ያድርግለት፤ በረጠበ ጨርቅ የተነጠፈ መደበቂያ፣ ውኃና የሚታሽበት ሸካራ ነገር ያስቀምጥለት፤ ከዚያ እጁን ይሰብስብ። ሲያበቃ የወደቀውን ቆዳ ዘርግቶ ሁለቱ የዓይን ቅርፊቶችና የጅራቱ ጫፍ መኖራቸውን ይመልከት። የጎደለ ካለ እርጥበቱን ጨምሮ ይጠብቅ፤ እምቢ ካለ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰደው። ይህ ሥራ ጀግና አያሰኝም፤ የሚያጨበጭብለትም የለም። ግን እርዳታ ማለት ይኸው ነው።

እኛስ? ከገጠር የመጣ አዲስ ተማሪ መኝታ ክፍላችን ሲገባ አነጋገሩን፣ አለባበሱን፣ እምነቱን በአንድ ሴሚስተር ልንገፍፈው የምንሽቀዳደም ጥቂቶች አይደለንም። «እናንቃው» እንላለን። ምናልባት የምንገፍፈው ነገር በእርግጥ ጊዜው ያለፈበት ይሆናል። ቢሆንስ? አሮጌውን ራሱ የጣለ ሰው ከሥሩ አዲስ ቆዳ አለው፤ የተገፈፈ ሰው ግን የሚቀረው ቁስል ነው። ቁስሉን ለመሸፈን ደግሞ አንድም ወደ ጥንቱ ይሸሻል፣ አንድም የእኛን ቆዳ ተውሶ ይለብሳል። ሁለቱም መለወጥ አይባሉም።

«ዝም ብለን እንየው» ማለቴ አይደለም። ሰው እባብ አይደለም፤ ይጠይቃል፣ ይመልሳል። መጽሐፍ እናውሰው፣ እንከራከረው፣ እሱም ይከራከረን። ክርክር አፍንጫውን የሚያሽበት ድንጋይ ይሆነዋል፤ ፌዝ ግን ጥፍር ነው። እኛም ብንሆን ገና ያልጣልነው ስንት አሮጌ ቆዳ አለን! ስለዚህ «ይህ ልጅ ለምን አይለወጥም?» ብለን ከመፍረዳችን በፊት፣ የክፍሉን አየር ያደረቅነው እኛው እንሆን እንዴ? ብለን እንመርምር።