ምሰሶው የማን ነው?

በከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል ማስተላለፊያ ምሰሶዎች ጫፍ ላይ፣ ከሌሎቹ ሽቦዎች ሁሉ በላይ የተዘረጋ ቀጭን ሽቦ አለ። የመጀመሪያ ሥራው መብረቅን መከላከል ነው። በአያሌ መስመሮች ላይ ግን በሆዱ የፋይበር ክሮችን ይዟል፤ የኃይል ማከፋፈያ ጣቢያዎች መልእክት የሚለዋወጡት በእነርሱ ነው። ለዚህ ሥራ ጥቂቶቹ ክሮች ይበቃሉ። የተረፈውን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ለኢትዮ ቴሌኮም ሲያከራይ ቆይቶ፣ በ2014 ዓ.ም. ከሳፋሪኮም ኢትዮጵያም ጋር ተዋዋለ።

ነገሩ የመሐንዲሶች ጉዳይ ይምሰል እንጂ የቆየ ጥያቄ አዝሏል። አንዱ በደከመበት ሌላው ሊጠቀም ይገባዋልን?

አይገባውም የሚለው ወገን ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ነባሩ ድርጅት ትርፍ በማይገኝበት ገጠር ሁሉ ምሰሶ ሲተክል ኖሯል፤ አዲሱ ግን በነሐሴ 2014 ከድሬዳዋ ጀምሮ ከተማ ከተማውን ነው የያዘው። ባልዘራው ሊያጭድ ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። እኔን የሚከነክነኝ ግን «የደከመ» የሚለው ቃል ነው። ለመሆኑ የደከመው ማን ነው? ምሰሶው የቆመው በሕዝብ ገንዘብ፣ በገበሬው ማሳ ላይ ነው። መሥሪያ ቤቱ ባለአደራ እንጂ ባለርስት አይደለም።

የጎብዬና የቆቦ ቆላ ገበሬ ይህን ነገር በውሃ ያውቀዋል። ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ በቦይ ወደ ማሽላው ይመራል። የላይኛው ሰው ቀድሞ ቢያገኘውም የታችኛውም ተራ አለው፤ ጠብ አይጠፋም፣ ተራው ግን ተራ ነው። ቦዩ በደለል ሲሞላ ደግሞ ተራ ያለው ሁሉ አካፋውን ይዞ ይወጣል። እንግዲህ አዲስ መጪም ኪራይ ከፍሎ ብቻ ሊቀመጥ አይገባም፤ ወደ ገጠሩም አካፋውን ይዞ ይውጣ እላለሁ።

መጋራት ሌላም ፊት አለው። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ራያ ቆቦ ሲደርስ መብራቱም ስልኩም ጠፋ፤ ሰው የዘመዱን መኖርና መሞት ሳያውቅ ወራት አለፉ። ሁለት ድርጅቶች በአንድ ሽቦ ላይ ቢንጠለጠሉ ለጎብዬ ሰው ሁለት ስልክ አገኘ ማለት አይደለም፤ ሽቦው የተበጠሰ ዕለት ሁለቱም ዝም ይላሉ። ማማውን መጋራት በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ብረት ያድናል፤ ክሩ ግን ሌላ መንገድ ሊኖረው ይገባል።

የማሳው ባለቤትስ? ካሳ አግኝቶ እንደሆነ ያገኘው ለመብራቱ መስመር ነው። አሁን በዚያው ሽቦ ሌላ ንግድ ያልፋል፤ ውሉ ግን በሁለት መሥሪያ ቤቶች መካከል ነው።