የማይሸሽ ሁሉ ወዳጅ ነውን?

ጥያቄው ሲታይ ቀላል ይመስላል። አንድ የዱር እንስሳ ሰው አይቶ ሳይሸሽ ቢቀር፣ ይባስ ብሎም ወደ ሰው ሮጦ እግር ሥር ቢቀመጥ፣ «ይህ እንስሳ ወዳጃችን ነው» ለማለት መብት አለን ወይ? «ይኼ ደግሞ ምን ጥያቄ ነው፤ ካልፈራ ወዶ ነዋ!» የምትሉ እንደማትጠፉ አውቃለሁ። እኔም ነገሩን ከመጽሐፍ ቀድቼ አላመጣሁትም። ለትምህርት ጃፓን በቆየሁበት ጊዜ ኦኩኖሺማ ወደምትባል ትንሽ ደሴት ሄጄ አንድ ቀን ውዬ ነበር። ጥያቄው ከዚያን ቀን ወዲህ አልለቀቀኝም። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ኦኩኖሺማ የምትገኘው በሂሮሺማ ክፍለ ሀገር፣ ጃፓኖች «የውስጥ ባሕር» በሚሉት ውሃ ላይ ነው። ዙሪያዋ አራት ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ታዳኖኡሚ ከሚባለው ወደብ ጀልባ የተሳፈረ በሩብ ሰዓት ይደርስባታል። ሰው በስሟ ከሚጠራት ይልቅ «የጥንቸል ደሴት» ማለት ይቀለዋል። በእርግጥም ጥንቸሎቹ በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው። ውሻና ድመት ወደ ደሴቲቱ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ቀበሮ የለ፣ አዳኝ የለ። እንግዲህ ከጀልባው ወርዳችሁ ገና ሃያ እርምጃ ሳትራመዱ ከየቁጥቋጦው ሥር እየወጡ ይከቧችኋል። በኋላ እግራቸው ይቆሙና ጉልበታችሁ ላይ ይንጠላጠላሉ። በእኛ ተረት ጥንቸል ብልጥ ናት፤ አንበሳን ሳይቀር ታታልላለች፤ ብልጠቷ ግን ከፍርሃቷ የመጣ ነው። የኦኩኖሺማዋ ጥንቸል ብልጠትም ፍርሃትም ያላት አትመስልም።

አብሮኝ የሄደ አንድ የአገሬ ልጅ ነበር፤ የምህንድስና ተማሪ ነው። ከወደቡ ሱቅ መኖ ገዝቶ ኪሱን ሞልቷል። መሬት ላይ ተዘርግቶ ሦስት ጥንቸሎች ሆዱ ላይ ወጡበትና ሲስቅ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ሳቅሁ። «አየህ» አለኝ፣ «ፍጥረት ከሰው ጋር ታርቆ እንዲህ የሚኖርበት ቦታ አለ።» ታርቆ ማለቱ ነው ነገር ያመጣው። ዕርቅ የሚባለው ከጠብ በኋላ ነው፤ ጠቡስ ምን ነበር?

ጠቡ በደሴቲቱ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከ1929 ጀምሮ እስከ 1945 ድረስ ኦኩኖሺማ የጃፓን ጦር ሠራዊት የመርዝ ጋዝ ፋብሪካ ነበረች። ለሥራው የተመረጠችው ከዋናው ከተማ የራቀች ስለ ሆነችና ምሥጢር ለመጠበቅም ስለምትመች ነው። ከካርታ ላይ እንኳ እንድትጠፋ ተደርጓል፤ ባሕሩ በካርታው ላይ አለ፣ ደሴቲቱ የለችም። ከ6,000 ቶን በላይ መርዝ ተመርቶባታል፤ ከዚያ ውስጥ ብዙው የሰናፍጭ ጋዝ ነው። ይህ ጋዝ ዐይን ያጠፋል፣ ቆዳ ይልጣል፣ ሳንባ ያቃጥላል። የተመረተውም መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ አልቀረም፤ የጃፓን ጦር ቻይና ውስጥ ተጠቅሞበታል። ሲሸሽም እዚያው ቀብሮ የሄደው ብዙ ነው። ቺቺሃር በምትባለው የቻይና ከተማ በነሐሴ 2003 ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ የዚህ ጋዝ በርሜል ፈስሶ አንድ ሰው ሞቷል፣ ከ40 በላይ ሰዎች ተጎድተዋል። ጦርነቱ ካለቀ 58 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

በፋብሪካው የሠሩት ደግሞ በአብዛኛው የአካባቢው ድሆች ነበሩ፤ ገበሬዎች፣ የዓሣ አጥማጅ ልጆች፣ በመጨረሻም ከየትምህርት ቤቱ የተወሰዱ ተማሪዎች። የሚሠሩትን ለቤተሰባቸው እንዳይናገሩ ታዘዋል። የመከላከያ ልብሱ ጋዙን በደንብ አይከላከልም ነበርና ብዙዎቹ ዕድሜያቸውን በሳል ጨርሰዋል። ጥንቸሎችስ? በዚያ ዘመንም ጥንቸሎች ነበሩ፤ መርዙ ምን ያህል እንደሚገድል የሚሞከርባቸው። ዛሬ የምናያቸው የእነዚያ ዘሮች ናቸው የሚሉ አሉ፤ ይበልጥ የሚነገረው ግን በ1971 የትምህርት ቤት ልጆች ያሳድጓቸው የነበሩ ስምንት ጥንቸሎች እዚያ ተለቀው ተራቡ የሚለው ነው።

ይህን ሁሉ የሚያሳይ አንድ ትንሽ ቤተ መዘክር በ1988 ተከፍቷል። ቀይ የጡብ ቤት ነው። ከጀልባው አብረውን ከወረዱት መካከል ወደዚያ የገባነው ጥቂት ነበርን፤ ሌላው ከጥንቸሎቹ ጋር ውጭ ቀረ። ውስጡ ጭምብልና የጎማ ልብስ፣ መርዙ ይጣራበት የነበረ የሸክላ ዕቃ፣ የተላጠ የሰው ጀርባ ፎቶግራፍ አለ። ፎቶግራፉን ባየሁ ጊዜ እንግድነት አልተሰማኝም። ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ያንን ጀርባ ያውቀዋል። የሰናፍጭ ጋዝ ማለት እኮ የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ከ1935 መጨረሻ ጀምሮ በሰሜን ጦር ግንባር ያዘነቡት፣ በ1939 ደግሞ በሰሜን ሸዋ ዘረት በሚባለው ቦታ ዋሻ ውስጥ በተጠለለ ሕዝብ ላይ የተለቀቀው ነው። የጋዝ ጦርነትን የሚከለክለውን የ1925 የጄኔቭ ስምምነት ጃፓን ፈርማ ሳታጸድቅ እስከ 1970 ቆየች፤ ኢጣሊያ ግን ፈርማም አጽድቃም ነው ያደረገችው። የመከላከያ ሚኒስቴሯ ነገሩን በይፋ ያመነው በ1996 ነው። እኔ እዚያች ደሴት ላይ የሌላ ሕዝብ ታሪክ ልጎበኝ ገብቼ የራሴን አገኘሁ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው እንመለስ። እንስሳ ከሰው የማይሸሽበት ምክንያት አንድ ዓይነት አይደለም። ሰውን ከቶ ስላላወቀ የማይፈራ አለ። ዳርዊን በ1835 ጋላፓጎስ ደሴቶች ሲደርስ ጭልፊትን ከዛፍ ቅርንጫፍ ላይ በጠመንጃው አፈ ሙዝ ገፍቶ እስከ ማውረድ ደርሷል፤ ወፏ ጠመንጃ ምን እንደ ሆነ የምታውቅበት መንገድ አልነበራትም። በሞሪሸስ ደሴት የነበረው ዶዶ የሚባለው ወፍም እንዲሁ ነበር። የሆላንድ መርከበኞች በ1598 አገኙት፤ መቶ ዓመት ሳይሞላ ዘሩ ጠፋ። መርከበኞቹ ያልፈራቸውን ወፍ ወዳጅ አላሉትም፣ ጅል አሉት እንጂ። ተመልከቱ፤ ያው አለመፍራት ነው። እኛ ስንጠግብ «ወዳጅ»፣ ስንራብ «ጅል» የሚል ስም እናወጣለታለን። ስሙ ስለ እንስሳው የሚነግረን ነገር የለም፤ የሚነግረን ስለ ሆዳችን ነው።

የኦኩኖሺማ ጥንቸል ግን ከዶዶም ትለያለች። እሷ ሰውን አሳምራ ታውቃለች፤ የምታውቀው ግን እጁን ብቻ ነው። ደሴቲቱ ይህን ሁሉ ጥንቸል የሚመግብ ሣር የላትም። ጎብኚው ያበላል፣ ጥንቸሉ ይራባል፣ የተራባው ሌላ ጎብኚ ይጠብቃል። በኮሮና ጊዜ ሰው መምጣቱን ሲያቆም የጥንቸሎቹም ቁጥር አብሮ አሽቆለቆለ። ስለዚህ ጉልበታችን ላይ የሚንጠላጠለው ፍቅር አይደለም፤ ረሃብ ነው፤ ረሃቡንም የፈጠርነው እኛው ነን። ይህን ለጓደኛዬ ብነግረው «አንተ ደግሞ ሁሉን ነገር ታጠቁረዋለህ፤ እናትስ ልጇን በጡቷ አይደል ያስለመደችው?» አለኝ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ነገር ግን እናት ልጇን ትታ በማታዋ ጀልባ አትሄድም።

ሐረርን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ሊያነሣብኝ ይችላል። ሐረር ጅብ ከሰው እጅ ይበላል፤ ይህም ልማድና መዝናኛ ሆኗል። ልዩነቱ ግን ጅቡ ጥርሱን ይዞ መምጣቱ ነው። የሚያበላው ሰው ጅቡን በስሙ እየጠራ ያጎርሰዋል፣ ጅቡ ምን ማድረግ እንደሚችል ግን ለአንዲት ደቂቃም አይረሳም። በሁለቱ መካከል ያለው ውል ነው ለማለት ይቻላል። ውል ደግሞ ሁለቱም ወገን ሊያፈርሱት በሚችሉበት ቦታ ነው የሚኖረው። ጥንቸሏ ምን ልታፈርስ ትችላለች?

ለዚህ መልስ የሰጠ አንድ ሰው አለ፤ መልሱ ግን አስቀያሚ ነው። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በደሴቲቱ ላይ በርካታ ጥንቸሎች ሞተው ተገኙ፤ በጥር 2025 ጥንቸል ሲረግጥ የተገኘ አንድ ወጣት ተያዘ። ጋዜጣው ሁሉ ጮኸ፤ ጃፓን በሙሉ አዘነች። እኔም አዝኛለሁ። ሰውየው ግን ሥራው የቀለለት ለምንድነው? ጥንቸሏ ረጋጩን አይታ አልሸሸችም፤ መኖ የያዘ መስሏት ወደ እሱ መጣች። ፍርሃቷን እኛ ወስደንባታል፤ በምትኩ የሰጠናት ጥበቃ ግን የለም። ፍርሃት ለደካማ ፍጡር ብቸኛ መሣሪያው ነው። ያንን መሣሪያ ከእጁ የወሰደ ሰው ዘብ መቆም ግዴታው ይሆናል እላለሁ፤ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ሊሄድ አይችልም።

ካንት ለእንስሳ ርኅራኄ ማሳየት ያለብን ለእንስሳው ስንል አይደለም፣ በእንስሳ ላይ የጨከነ በሰውም ላይ መጨከኑ ስለማይቀር ነው ይላል። ብዙ ጊዜ ይህን ሐሳብ በክፍል ውስጥ ስንከራከርበት ቆይተናል። ኦኩኖሺማ ላይ ግን ነገሩ ተገልብጦ ይታያል። በእንስሳ ላይ የራራ ሰው በሰው ላይ መራራት እንደ ጀመረ ይሰማዋል፣ ከዚያም ወደ ጡቡ ቤት ሳይገባ ይመለሳል። ካሮቱን የሰጠበት እጅ ንጹሕ ይመስለዋል። ይህን የምለው ስለ ጃፓኖች ብቻ አይደለም፤ ከየአገሩ የመጣ ሰው ነበር፣ የእኔው አገር ሰው ሆዱ ላይ ጥንቸል ጭኖ ተኝቷል።

ለእኔ የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው። ሰው ወደዚያች ደሴት የሚሄደው ለመወደድ ብቻ አይመስለኝም፤ ይቅር ለመባል ጭምር ነው። መርዝ በተቀመመበት፣ የእርሷው ዓይነት ፍጥረት በጋዝ በታፈነበት መሬት ላይ ጥንቸል መጥታ እጃችንን ስትልስ «አለፈ፤ ተረሳ» ያለችን ያህል ልባችን ይቀልላል። ነገር ግን ጥንቸሏ ምንም አላለችም። የሆነውን አታውቅም፣ በደሉ የደረሰው በእሷ ላይ አይደለም፣ ስለ ሟቾቹም የተወከለች አይደለችም። ይቅርታ ከማይመለከተው ማግኘት እዳ ላላበደረ ሰው ከፍሎ ደረሰኝ እንደ መቀበል ነው። ደረሰኙ እውነተኛ ይመስላል፤ ባለ ገንዘቡ ግን አሁንም ደጅ ላይ ቆሟል። ቺቺሃር ላይ ቆሟል፤ ዘረትም ላይ ቆሟል።

ጓደኛዬ ለዚህ የሰጠኝን መልስ ሳልጽፍ ብቀር ደግ አይሆንም። ከሰዓት በኋላ ወደ አሮጌው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሄድን። ባዶ የኮንክሪት ግንብ ነው፤ መስኮቶቹ ረግፈዋል፣ ሐረግ ወርሶታል። በሩ ላይ አንዲት ጥንቸል ተኝታ ነበር። «ታዲያ ምን ይደረግ ትላለህ?» አለኝ። «ሰዎቹ እያለቀሱ ብቻ ይኑሩ? ልጆች መርዝ በነበረበት ሣር ላይ ሲስቁ ከማየት የበለጠ ምን ካሳ አለ? አንተ የምትለው ሐዘን ደሴቲቱን ባዶ ያስቀራታል፤ ሰው ካልመጣ ደግሞ ቤተ መዘክሩንም የሚያይ የለም። ጥንቸሎቹ ባይኖሩ አንተ ራስህ ትመጣ ነበር?»

አልመጣም ነበር። ስለ ደሴቲቱ የሰማሁት በጥንቸሎቹ ነው። ይህን አምኜ ብቀበልለትም ልጆቹን አትሳቁ አላልኩም፤ ያልኩት ሳቁ ምን ላይ እንደ ቆመ ይወቁ ነው። እሱ ደግሞ የስድስት ዓመት ልጅ ምን ያውቃል ይላል። የስድስት ዓመት ልጅ ያድጋል እላለሁ። በጀልባው ላይም፣ በባቡሩም ላይ፣ በኋላም በደብዳቤ ስንጨቃጨቅ ቆየን፤ እስከ ዛሬም አልተስማማንም።

እዚያው ማመንጫው በር ላይ ጥንቸሏን ታቅፎ ፎቶግራፍ ያነሣሁት እኔ ነኝ። (ማቀፍ ክልክል መሆኑን የሚናገር ማስታወቂያ ነበር፤ ሁለታችንም አንብበነዋል።) ፎቶግራፉን አገር ቤት ላሉት እናቱ ላከላቸው። እሳቸውም ጥንቸሏ እንዳማረቻቸው ነግረው፣ ከኋላህ ያለው የጠቆረው ግንብ የምን ቤት ነው ሲሉ ጠየቁት። ምን ብሎ እንደ መለሰላቸው ብጠይቀው ወሬውን ወደ ሌላ ወሰደው።