ጀሶው ከወጣ በኋላ

ልጆቼ፣ ሰሞኑን ሆዴን የሚበላኝ ነገር አለና ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም። በሰፈራችን ስብራት በዝቷል። ሞተር ሳይክል የጣለው አለ፣ ባጃጅ የተገለበጠበት አለ፣ ሕንፃ ሲሠራ ከመወጣጫው የወደቀ፣ ኳስ ሲጫወት ጉልበቱ የዞረበት አለ። በዚህ አልቆጣም። ወጣት ይሮጣል፣ የሮጠ ይወድቃል። የምቆጣው ከዚያ ወዲያ ባለው ነው። ሐኪሙ የድርሻውን ይሠራል፣ አጥንቱ ይገጥማል፣ ጀሶው ይወጣል። እናት ተመስገን ብላ ቡና ታፈላለች፤ ጎረቤቱ እንኳን እግዚአብሔር ማረህ ሊል ይመጣል። ልጁም ሶፋ ላይ ይጋደምና ስልኩን ያነሳል። በቀን ሦስት ጊዜ አጥፈህ ዘርጋው የተባለው ጉልበት እንደተዘረጋ ይከርማል። ፊዚዮቴራፒውን ሁለት ቀን ሄዶ በሦስተኛው "ያማል" ብሎ ይቀራል። ዓመት ሳይሞላ እግሩን እየጎተተ ታክሲ ሲሳፈር አገኘዋለሁ። ምነው ልጄ ስለው መልሱ አንድ ነው፤ "ሐኪሞቹ አበላሹኝ።"

አላበላሹህም። ያልጨረስከው አንተ ነህ።

የሚያበላሽ ሐኪም የለም አልልም፤ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሌለበት ወረዳ ብዙ እንደሆነም፣ ለታክሲ የሚከፍለው አጥቶ የቀረ ልጅ እንዳለም አውቃለሁ። እሱን አልወቅስም። እኔ የምናገረው ባለሙያው በእጁ፣ ጊዜው በእጁ ሆኖ ለተኛው ነው።

ነገሩን ያልተረዳችሁ ከሆነ ልንገራችሁ። ሐኪም አጥንት ያቀናል እንጂ እግር አይሰጥም። በጀሶ የታሰረ ጭን በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሲሟሽሽ በዓይን ይታያል፤ ጡንቻው ሥራ ሲያጣ ይከሳልና። መገጣጠሚያውን የሸፈነው ሥጋና ጅማትም ይኮማተራል። ቆዳ የለፋችሁ ወይም ሲለፋ ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ እርጥብ ሳለ ካልታሸና ካልተገተረ አንዴ ደርቆ ግትር ካለ በኋላ ለማለስለስ መከራ ነው። ጉልበትም እንደዚያው ነው። የመጀመሪያዎቹ ወራት ከባከኑ በኋላ በቀን ሩብ ሰዓት የሚበቃው ሥራ የዓመት ትግል ይሆናል። አጥንቱም ቢሆን የሚጠነክረው የተመጠነ ሸክም ሲያርፍበት ነው፤ ጀርመናዊው ቀዶ ሐኪም ዩልዩስ ቮልፍ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ላይ ይህንን ጽፎ አስረድቷል። ቅልጥም የተሰበረ ሰው አራት ወር፣ ስድስት ወርም ሊፈጅበት ይችላል። በሦስት ሳምንት ካልዳንኩ ብሎ የሚያኮርፍ ትውልድ ግን ይህን መስማት አይወድም።

እኔም በወጣትነቴ፣ ገና መምህር ሆኜ በተመደብኩበት ዘመን፣ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ አባይ በረሃ ላይ ተገልብጦ ጭኔ ተሰብሮ ነበር። ያኔ እንደዛሬው ብረት ቶሎ አይገባም። እግሬ ላይ ክብደት ተንጠልጥሎ ጣሪያ እያየሁ ብዙ ሳምንት ተኛሁ። አጥንቱ ሲገጥም ጉልበቴ እንቢ አለ። አንዲት ቆፍጣና ባለሙያ በየጠዋቱ መጥታ ታሳጥፈኛለች፤ እናቴ የኔን ጩኸት ላለመስማት ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ወደ በረንዳ ትወጣለች። አባቴ ግን አይወጣም። ከአልጋዬ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ መቁጠሪያውን ይይዛል። ጉልበቴን ባጠፍኩ ቁጥር አንድ ፍሬ ያሳልፋል፤ ከንፈሩ "እግዚኦ" ይላል። አይዞህም አይለኝ፣ ይብቃህም አይለኝ። መቁጠሪያው ሲያልቅ ባለሙያዋ ትሄዳለች፣ እሱ ግንባሬን ስሞኝ ወደ ሥራው ይወጣል። ቤት ከገባሁም በኋላ ማታ ማታ እንዲሁ አደረገ። እስከ ዛሬ ቅዳሴ ላይ ስቆም ያ የመቁጠሪያ ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሌላ ያወረሰኝ ብዙ ነገር የለም፤ እግሬን ግን አውርሶኛል።

ጨርሶ ዳንኩ አልላችሁም። ክረምት ሲገባ ይነግረኛል፤ ደረጃ ስወርድም ይነግረኛል። እዚህ ላይ ሕመማቸው አልሄድ ላላቸው ልጆቼ፣ ወገባቸውን ላጡ፣ ዲስክ ተንሸራቷል ለተባሉ፣ አደጋው ካለፈ በኋላ ሕመሙ ለቀረባቸው አንድ ነገር ልበል። ሐኪሞች ከ3 ወር በላይ የቆየን ሕመም ሥር የሰደደ ይሉታል፤ ጠባዩም ከአዲስ ሕመም ይለያል። አዲስ ሕመም አደጋ ነጋሪ ነው። ሥር የሰደደው ግን ብዙ ጊዜ ቁስሉ ከዳነ በኋላ እንኳ ነርቮች መጮኽን ስለለመዱ የሚቀጥል ነው። ሕመሙ እውነት ነው፤ ማንም "በሐሳብህ ነው" ብሎ አይናቃችሁ። ነገር ግን ያመመ ሁሉ እየተጎዳ ነው ማለት አይደለም። ይህን ያላወቀ ሰው ባመመው ቁጥር ይተኛል፣ በተኛ ቁጥር ይደክማል፣ በደከመ ቁጥር ትንሿም ነገር ታመዋለች። ሌላው ደግሞ ቀለል ያለው ዕለት የሳምንቱን ሥራ በአንድ ቀን ይሠራና ሦስት ቀን ይወድቃል። ደህና በሆናችሁበት ቀን ከአቅማችሁ ጥቂት አስቀሩ፤ በከፋበት ቀን ደግሞ ጥቂትም ቢሆን ተንቀሳቀሱ። እግር ሲደነዝዝና ሲዝል፣ ሽንት መቆጣጠር ሲያቅት፣ ትኩሳት ሲጨመር ግን ይህ ሁሉ ምክር አይሠራም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው።

ማስታገሻውን ደግሞ ልክ አሳጥታችሁታል። ዳይክሎፌናክ ከሰፈር መድኃኒት ቤት እየገዛ በባዶ ሆዱ የሚውጥ፣ በየሳምንቱ መርፌ የሚወጋ ልጅ ጨጓራውን እያደማ ኩላሊቱን እየጎዳ ነው፤ ትራማዶልማ ሱስ ሆኖ ስንቱን ቤት እንዳፈረሰ ታውቃላችሁ። በሐኪም ትእዛዝ የተወሰደ ማስታገሻ የሚጠቅመው ሕመሙን አስታግሶ እንድትንቀሳቀሱ ሲያደርግ ነው። ውጦ መተኛት ግን መድኃኒቱንም ጊዜውንም ማባከን ነው። ወጌሻን በተመለከተ አንድ ቃል ይበቃኛል፤ የተሰበረ እግር በቀርከሃ ተጠፍንጎ ደም ተዘግቶበት የተቆረጠበት ሕፃን ያየ ሰው ስብራትን ወደዚያ አይወስድም።

አንዳንዶቻችሁ "ጸበል ላይ ነኝ፣ እግዚአብሔር ይፈውሰኛል" ትሉኛላችሁ። አሜን። እኔም ጸበል እጠመቃለሁ። ነገር ግን በሃይማኖት የምትሸፍኑት ስንፍና መሆኑን እግዚአብሔር አያጣውም። በዐቢይ ጾም በአራተኛው ሳምንት የምናስበው መፃጉዕ 38 ዓመት አልጋ ላይ ነበር። ጌታ ግን በመጀመሪያ የጠየቀው ልትድን ትወዳለህን ብሎ ነው፤ ሲፈውሰውም አልጋውን ራሱ እንዲሸከም አዘዘው። ሕዝቅያስ አልቅሶ ጸልዮ 15 ዓመት ዕድሜ ሲጨመርለት እንኳ ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ ቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዟል። ሲራክ ሐኪምን አክብር ይለናል። ሐዋርያው ጳውሎስም የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ ሳይወገድለት ቀረ፤ ግን ቁጭ አላለም፤ ከመውጊያው ጋር አገር ላገር እየዞረ አስተማረ። ጸበሉንና ጉልበት ማጠፉን ያጣላችሁት እናንተ ናችሁ። ስግደት የለመደ ሕዝብ ልጆች ሆናችሁ፣ ደጋግሞ መውደቅና መነሣት እንዴት ከበዳችሁ? መስገድ ለማይችልም ቤተ ክርስቲያን መላ አላት፤ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ።

ክራንች ለመያዝ የምታፍሩትም ይገርመኛል። "ሰው ምን ይለኛል" ብሎ ሳይደገፍ የሚወጣ፣ ባልጠነከረው እግር እያነከሰ ዳሌውንና ወገቡን የሚያበላሽ ልጅ አለ። ካህናቱ ሌሊቱን ማሕሌት የሚቆሙት መቋሚያ ተደግፈው ነው። ስለተደገፉ ማን ናቃቸው?

አሁን ደግሞ አበበ ቢቂላን ላንሣ፤ ሥዕሉን ካናቴራችሁ ላይ አትማችሁ ታሪኩን ግማሽ ታውቃላችሁና። በባዶ እግሩ ሮም ላይ ማራቶን ያሸነፈው ጳጉሜ 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። ጥቅምት 1957 ቶኪዮ ላይ ሲደግም ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር። ጥቅምት 1961 ሜክሲኮ ላይ በታመመ እግሩ ጀምሮ መንገድ ላይ አቋረጠ፤ ድሉን ማሞ ወልዴ አመጣው። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ቮልስዋገኑ ተገልብጣ ሌሊቱን ውስጧ ተይዞ አደረ። ያ ዓለም ያወቀው እግር ሽባ ሆነ። መጀመሪያ እጁም አልታዘዘውም ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን ነው የማታውቁት። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንደቪል ወደሚባል ሆስፒታል ተወሰደ። የሆስፒታሉን የአከርካሪ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1944 ያቋቋመው ከናዚዎች የሸሸ አይሁዳዊ የነርቭ ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን ነው። ከእሱ በፊት አከርካሪው የተመታ ወታደር አልጋ ላይ ቆስሎ እንዲሞት ይተው ነበር። ጉትማን በየሁለት ሰዓቱ አገላበጣቸው፣ አስቀመጣቸው፣ ኳስና ቀስት አስያዛቸው። የእሱ ውድድር አድጎ ዛሬ ፓራሊምፒክ የምንለው ሆኗል፤ የመጀመሪያው ተብሎ የሚቆጠረውም እዚያው ሮም ላይ፣ አበበ በባዶ እግሩ ከሮጠ ከሳምንት በኋላ የተካሄደው ነው። አበበ ከዓመታት በኋላ ወደነዚያ ሰዎች ቤት እንደሚገባ ማን ያውቅ ነበር?

ስቶክ ማንደቪል ውስጥ 8 ወር ተቀመጠ። ሁለት የኦሎምፒክ ወርቅ ያለው ሰው ክንዱን ማንሣት እንደ ሕፃን ተማረ። እግሩ አልተመለሰም፤ እጆቹ ግን ተመለሱ፤ በእነሱም ቀስት ወረወረ፣ ጠረጴዛ ቴኒስ ተጫወተ። በ1963 ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ ተንሸራታች ውድድር አሸነፈ። ጥቅምት 1966 በ41 ዓመቱ ዐረፈ። እኔ ከሮሙ ሩጫ ይልቅ እነዚያን 8 ወሮች አከብራለሁ፤ የሚያጨበጭብ አልነበረምና። የቀረለትን ይዞ በየቀኑ ሠራ። እናንተ የቀረላችሁ ሙሉ እግር ነው። የምትጠየቁት ልታጥፉትና ልትዘረጉት ነው።

ከአረብ አገር ወገባቸውን ይዘው ለተመለሱ እህቶቻችሁ ግን ቃሌ ሌላ ነው። ከባድ ጀሪካንና ምንጣፍ ሲሸከሙ፣ ከፎቅ ሲወድቁ የተጎዱ ልጆች ቤት ሲገቡ "ብርድ ነው" ተብሎ ዳማከሴ ይጨመቅላቸዋል። ብርድ አይደለም። ራጅ ያስፈልጋቸዋል፣ ሐኪም ያስፈልጋቸዋል፣ የቤት ሥራውን የሚቀበላቸው ወንድም ያስፈልጋቸዋል። እነሱ ሰንፈው አይደለም፤ ልጅነታቸውን ሸክም ላይ ጨርሰው ነው።

እናንተ ወላጆችም ከዚህ አትወጡም። "ልጄን አታሰቃዩብኝ" ብላችሁ ባለሙያውን ከበር የምትመልሱ፣ ውኃ እንኳ ተነሥቶ እንዳይቀዳ ብርጭቆ እጁ ላይ የምታስቀምጡ፣ ርኅራኄያችሁ ልጁን ያስራል። አብራችሁት ተቀመጡና ቁጠሩለት። የታመመ መጠየቅን ለስልክ የተዋችሁ ጓደኞችም ሂዱና አብራችሁት እስከ ደጅ ውጡ።

ፊዚዮቴራፒ አቋርጣችሁ የቀራችሁ፣ ዓመት አልፎኛልና በቃ ብላችሁ አትቀመጡ። ሙሉ በሙሉ ባይመለስም ዘግይቶ የተጀመረ ሥራ ጥቂት ማጠፊያ ያስገኛል፤ ወንበር ላይ ለመቀመጥና ደረጃ ለመውጣት ያቺ ጥቂት ብዙ ናት። የድሮውን ራጅና የሐኪም ወረቀት ፈልጋችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ሠራሁ አልሠራሁም ብላችሁ አትዋሹ፤ እንዳቋረጣችሁ ተናገሩ፣ ባለሙያው ከየት እንደሚጀምር ያውቃል። መመላለሻው ከከበዳችሁ ቤት የሚሠራውን አሳዩኝ በሉ፤ ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ለጥፉት፤ በየስንት ጊዜው ለምርመራ እንደምትመለሱም ጠይቁ። በማጠፉ ጊዜ የሚመጣው ሕመም በማግስቱ ከቀነሰ ቀጥሉ፤ ካበጠና ሌሊቱን ካላስተኛችሁ ግን መጠኑን ቀንሱና ለባለሙያው ንገሩት። ሰኞ ጠዋት ተነሥታችሁ ሂዱ።