ስለ ጥንታውያን የውድድር መኪኖች ሕግና ስለ ነገር ህላዌ

መኪናን የኑሮ መሣሪያ ብቻ አድርጎ ለሚያየው ሰው እንግዳ የሚመስል አንድ ሕግ በአውሮፓ አለ። ለእንጀራ ሳይሆን ለፍቅር ሲሉ የድሮ የስፖርት መኪና እየነዱ የሚወዳደሩ ሰዎች በ1934 (ዓ.ም. ካላልሁ በቀር ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ) በእንግሊዝ አገር ማኅበር አቁመው፣ ከ1930 ወዲህ የሚሠራው መኪና የቀድሞውን ጥበብ እያጣ መጥቷል ብለው ስላመኑ፣ እስከ 1930 መጨረሻ ድረስ የተሠሩትን ለብቻ ለይተው ወሰን አበጁላቸው። ኋላም ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ዘመናቱን በየፊደላቸው ደልድሎ፣ እስከ 1904 የተሠሩትን በአንድ ክፍል፣ ከ1905 እስከ 1918 ያሉትን በሌላ፣ ከ1919 እስከ 1930 ያሉትንም በሦስተኛው መደባቸው። የሕጉም ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ማንኛውም መኪና በምድቡ የሚሮጠው በዘመኑ በውድድር ሜዳ እንደ ነበረው ሆኖ ነው፤ ሞተሩም ሆነ ፍሬኑ፣ ካምቢዮውም ሆነ ባሌስትራው፣ የቸርኬው ስፋት ሳይቀር፣ ያን ጊዜ እንዲህ እንደ ነበረ በማስረጃ ካልተረጋገጠ በቀር፣ ባለቤቱ በገዛ ፈቃዱ ሊያሻሽለው አይችልም።

ሕጉን በማስተዋል የተመለከተ ሰው ግን ወዲያው ከአንድ ጥያቄ ጋር ይገናኛል። ብረት ይዝጋል፣ ፒስቶን ይበላል፣ እንጨት ይበሰብሳል፤ ዘጠና ዓመት የኖረ መኪና ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ይዞት የቆየው አካል ጥቂት ነው፤ እንግዲህ ይህ መኪና ያ መኪና ነው የምንለው በምኑ ነው?

ይህን የባለጠጎች ጨዋታ ያመጣው ጥያቄ ነው ብሎ የሚንቅ ቢኖር፣ የራሳችንን ጎዳና ይመልከት። ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅና በውጫሌ፣ በውርጌሳና በመርሳ አልፎ ወልዲያ የሚገባው መንገድ፣ ጣሊያኖች በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ከያዙ በኋላ አሥመራንና አዲስ አበባን ለማገናኘት ያቀኑት አውራ ጎዳና ክፍል ሲሆን፣ ትሬንታ ኳትሮ የተባለውን ፊያት፣ ከእርሱም በኋላ ኤንትሬ የተባለውን የጭነት መኪና ለብዙ ዘመን ተሸክሟል። የእነዚህን መኪኖች ዕድሜ የወሰነው የሠራቸው ፋብሪካ አልነበረም፤ የየከተማው ጋራዥ ነው። ሞተሩ ከአንዱ፣ ካምቢዮው ከሌላው መጥቶ፣ ጋቢናው በላሜራ ቀጥቃጭ እጅ ታድሶ፣ ከባለቤት ወደ ባለቤት ሲተላለፍ፣ ሊብሬው ግን አንድ ሆኖ ይኖራል፤ በሊብሬው ላይ የተጻፉት የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥርም መንግሥት አንዱን መኪና ከሌላው የሚለይባቸው ምልክቶች ናቸው። ሞተሩ በተለወጠ ጊዜ መዝገቡ ይታረማል እንጂ መኪናው ሞቶ ሌላ መኪና ተወለደ አይባልም።

ነገሩ የቆየ ነው። የግሪኩ ጸሐፊ ፕሉታርክ እንደ ተረከው፣ አቴናውያን የቴሴዎስን መርከብ ለመታሰቢያ ሲጠብቁ የበሰበሰውን ሳንቃ በአዲስ እየተኩ ብዙ ትውልድ አሳለፏት፤ ፈላስፎችም ከሁለት ተከፍለው እኩሌቶቹ ያችው ናት፣ እኩሌቶቹ አይደለችም እያሉ ተከራከሩባት። በ1655 ደግሞ እንግሊዛዊው ሆብስ፣ አንድ ሰው እየወለቀ የተጣለውን አሮጌ ሳንቃ ሁሉ ሰብስቦ በቀድሞ ሥርዓቱ ቢገጥመው ከሁለቱ መርከቦች የትኛዋ የቴሴዎስ ናት የሚለውን ከባድ ጥያቄ ጨመረበት። ሆብስ በአሳቡ የገመተው ነገር በጥንት መኪኖች ዓለም በእውነት ይደርሳል፤ የአንድ ዝነኛ መኪና ሻንሲ በአንዱ እጅ፣ ሞተሩ በሌላው እጅ ገብቶ፣ ሁለቱም የጎደላቸውን አሠርተው ያንኑ ስም ይጠይቃሉ።

ከእንዲህ ያሉ ክርክሮች ሁሉ ለፍልስፍና የሚበጀው በለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ1990 የተፈረደው ነው። አሮጌው ቁጥር አንድ የተባለው የቤንትሌይ መኪና በ1929 እና በ1930 የለማንን የ24 ሰዓት ውድድር ተከታትሎ ካሸነፈ በኋላ፣ ብሩክላንድስ ለተባለው ሜዳ በሌላ መልክ ተሠራ፤ በ1932 በውድድር ላይ ሳለ ከሜዳው ጠርዝ ወጥቶ ተከሰከሰና ነጂው ሞተ፤ ከዚያም እንደገና ታድሶ ጣራ ያለው የጎዳና መኪና ሆነ። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ኩባንያ በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ሊገዛው ከተዋዋለ በኋላ፣ ይህ ያ መኪና አይደለም ብሎ ገንዘቡን አልከፍልም አለ። ዳኛው ኦትን በ1929 ከሮጠው አካል የቀረ ነገር ከጥቂት እንደማይበልጥ በምስክር ተረድተዋል፤ ይሁን እንጂ መኪናው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አንድም ቀን መኖሩን እንዳላቋረጠ፣ አዲሱም ክፍል በረጅም ዘመን ጥቂት በጥቂት ከነባሩ ጋር እየተዋሐደ እንደ ገባ አይተው፣ ስሙ በእውነት ይገባዋል ሲሉ ፈረዱ። እኔም ፍርዱ የቀና ይመስለኛል።

ቀና የምለውም ስለዚህ ነው። አስቀድመን ስለ ሰው እናስብ፤ ቤተ ክርስቲያናችን ከምታስተምራቸው ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር የመጨረሻው ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን ነው፤ አፈር ሆኖ የተበተነው ሥጋ በዕለተ ምጽአት ያው ሥጋ ሆኖ፣ ነገር ግን በማይፈርስ ክብር እንደሚነሣ እናምናለን። በአርባ ቀኑ የተጠመቀው ሕፃንና በሰማንያ ዓመቱ ፍትሐት የሚደረግለት ሽማግሌ አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያጸናው፣ ሥጋው ሲለዋወጥ የማትለወጠው ነፍስ ናት። መኪና ግን ነፍስ የለውም፤ በውስጡ ህላዌውን የሚያጸናለት ስለሌለ፣ የሚያጸናለት በውጭ ያለው የሰዎች ምስክርነት ነው። በየጁ ምድር በዳና ያስተማሩ ሸኾች አንድን ሐዲስ ከመቀበላቸው አስቀድመው ማን ከማን እንደ ሰማው መመርመር ግዴታቸው ነበር፤ በአጠገባችን ባለው በሐይቅ እስጢፋኖስም፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ከነበሩት ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ጀምሮ፣ መነኮሳት የምንኵስናቸውን ትውልድ ከአባት ወደ ልጅ ይቈጥራሉ። ሰንሰለቱ በአንድ ስፍራ ከተበጠሰ ቃሉ ቢያምርም አይታመንም። መኪናውንም እንዲሁ ነው የማየው፤ ከሠሪው እስከ ዛሬው ባለቤት ያለው ርክክብ ያልተቋረጠለት መኪና፣ ብረቱ ሁሉ ቢለወጥ ያው ነው፤ ከተጣለ ብረት ትናንት የተገጣጠመው ግን፣ ብረቱ ጥንታዊ ቢሆንም፣ ሌላ ነው። ለሆብስ ጥያቄ የምሰጠው መልስም ይህ ነው።

እንግዲህ የክፍል መለወጥ ህላዌን ካላፈረሰ፣ ሕጉ ማሻሻልን ስለ ምን ይከለክላል? ይህን ከመጻሕፍት ይልቅ ጋራዥ ያስረዳል። በወልዲያ አንድ የቶርኖ ሠራተኛ ለአሮጌ የጭነት መኪና የባሌስትራ ፒን ሲያወጣ፣ ያለቀውን ፒን ከአጠገቡ አኑሮ፣ ያልተበላውን ጫፍ እየለካ፣ ብረቱን እንደ ጸጉር በቀጠነ መላጫ ሲቀንስ፣ ረዳቱ «ጋሼ፣ ትንሽ ወፈር ቢል አይጠነክርም?» አለው። «የለም ልጄ፣ ማቀፊያውን ይበላዋል፤ የነበረውን ያህል ይሁን» አለና ሥራውን ቀጠለ። ጊዜ የወሰደውን መመለስና ያልነበረውን መጨመር የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በዚሁ በሰሜን ወሎ፣ በላሊበላ፣ ከአብያተ ክርስቲያናቱ በአንዳንዶቹ ላይ ዝናብ እንዳያሰርግ ታስቦ ሬንጅና ቀይ ቀለም ተቀብቶ ነበር፤ ከ1966 ጀምሮ የመጣው የጣሊያናዊው አርኪቴክት የሳንድሮ አንጀሊኒ እድሳት ደግሞ ያን ልባስ አስላጠ። የቀቡት በጎ አስበው ነበር፤ ቅቡ ግን ዐለቱ ስለ ራሱ የሚመሰክረውን ሸፈነበት። በጥንት መኪና ላይ የዛሬ ዘመን ኃይል ጨምሮ በድሮው ምድብ የሚሮጥ ሰውም፣ ተወዳዳሪውን ከማታለሉ በፊት፣ በሞቱት ሠሪዎች ስም ሐሰት ይመሰክራል።

ነገር ግን ሕጉ ለሰው ሕይወት ቦታ ካልሰጠ ጨካኝ ይሆናል። ፌዴሬሽኑ ራሱ እንደ እሳት ማጥፊያ ያለውን፣ በዘመኑ ያልነበረ ነገር፣ ለነጂው ደኅንነት ሲል እንዲገባ ያዛል፤ ይህም ጌታችን በሰንበት ድውይ ከፈወሰበት ፍርድ የራቀ አይመስለኝም። ቻይናውያን በሠሩት የወረታ መንገድ ከወልዲያ ወደ ድልብ የሚወጣውንና የሚወርደውን ዳገት የሚያውቅ ሰው፣ ስለ ጥንታዊነት ሲል የደከመ ፍሬን ይቆይ አይልም። ማሻሻሉ በግልጽ ታውቆ ሲጻፍ ምስክርነት አይፈርስም፤ የሚያፈርሰው የተሰወረው ነው።

ስለዚህ የወልዲያና የመርሳ ባለጋራዦችን የምለምነው አንድ ነገር አለ። ለእያንዳንዱ አሮጌ መኪና ደብተር ይከፈትለት፤ ቀኑ፣ የወጣው ክፍል፣ በምትኩ የገባው፣ ከየትኛው መኪና እንደ መጣ፣ በቶርኖ የተሠራም ከሆነ የሠራው ሰው ስም ይጻፍበት፤ መኪናው በተሸጠ ጊዜም ሻጩ ደብተሩን ከሊብሬው ጋር ለገዢው ያስረክብ።