የማሽን አቀባበልና የአረጋዊ ምርቃት

ሰው መሰል ሮቦት ማለት ራስ፣ ፊት፣ ክንድና ድምፅ ተሰጥቶት ከሰው ጋር እንዲነጋገር የተሠራ ማሽን ነው። ቤልጅግ ውስጥ በሊዬዥና በኦስተንድ የሚገኙ ሁለት ሆስፒታሎች ፔፐር የተባለውን ሮቦት በእንግዳ ተቀባይነት ያቆሙት እ.ኤ.አ. በ2016 ሲሆን፣ ሩዋንዳም በ2020 በኮቪድ ሕክምና ማዕከላት ሮቦቶችን አሰማርታ የሰውነት ሙቀት እንዲለኩ አድርጋለች። ነገሩ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አበባን የጎበኘችው ሰው መሰል ሮቦት ሶፊያ በሆንግ ኮንጉ ሃንሰን ሮቦቲክስ ብትሠራም፣ ከሶፍትዌሯ ከፊሉን ያበረከቱት የአዲስ አበባው አይኮግ ላብስ ባለሙያዎች ናቸው፤ ሃንሰን ሮቦቲክስም በ2021 አረጋውያንን እንድታነጋግር የታሰበች፣ የነርስ ልብስ የለበሰች፣ ግሬስ የተባለች ሮቦት ለሕዝብ አሳይቷል። እንዲህ ያለ ማሽን ነገ በአማራ ክልል የፎገራ ወረዳ ከተማ በሆነችው ወረታ ላይ በሆስፒታል በር ቢቆም፣ የፎገራን አረጋዊ በእርግጥ ተቀበለው ማለት ይቻላል ወይ?

ጥያቄው ባዕድ ነገርን ከመጥላት የሚነሣ አይደለም። ሩዝ ወደ ፎገራ ሜዳ ከገባ ገና ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቢሆነው ነው፤ ገበሬው ግን ከጤፍ ጋር አዋሕዶ እንጀራ አድርጎታል። ሮቦቱን የሚደግፈው ምክንያትም ቀላል አይደለም። ፎገራ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን፣ ማለትም ቤተሰቦች በየዓመቱ መዋጮ ከፍለው ሲታመሙ የሚታከሙበት ሥርዓት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ለሙከራ ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች አንዱ ነው፤ ይሁን እንጂ የመድን ደብተር የሕክምናን ዋጋ ያቃልል እንደሆነ እንጂ ማንበብ የማይችል አረጋዊ በካርድ ክፍል፣ በላቦራቶሪና በመድኃኒት ቤት መካከል የሚገጥመውን መደናገር አያስቀርለትም። ያው ጥያቄ ሦስተኛ ጊዜ ሲቀርብለት ሰው ይሰለቻል፣ አንዳንዴም ይቆጣል፤ ማሽን ግን መቶ ጊዜ ቢጠየቅ መቶ ጊዜ በትሕትና ይመልሳል።

ይህ ክርክር ግን መምራትንና መቀበልን ያደባልቃል። መምራት ዕውቀትን ማስተላለፍ ስለሆነ ማሽን ሊያደርገው ይችላል፤ መቀበል ደግሞ አንዱ ስለ ሌላው ኃላፊነት የሚገባበት ግንኙነት ነው። ፈላስፋው ኢማኑኤል ሌቪናስ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ሥራው የሌላው ሰው ፊት ገና ምንም ውል ሳይኖር ተጠያቂ እንደሚያደርግ አስተምሯል። የእሱ ትንታኔ ትኩረቱን በተቀባዩ ግዴታ ላይ ያደርጋል፤ የፎገራ ገጠር ልማድ ግን መጪው ራሱ የሚሰጠውንም ያሳያል። አረጋዊ ሲመጣ የተቀመጠ ይነሣል፣ ቦታ ይለቅቃል፤ አረጋዊውም በምላሹ ይመርቃል፤ ዕድሜ ይስጥህ፣ ልጅህ ይደግልህ፣ ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ ይላል። ክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው በናቤጋና በሺና ቀበሌዎች በኩል ሜዳው ውኃ ሲተኛበት፣ ሕመምተኛ በጎረቤት ትከሻ፣ በቃሬዛ ወጥቶ መኪና መንገድ ይደርሳል፤ ለተሸካሚዎቹ የሚከፍላቸውም ይኸንኑ ምርቃት ነው። ሕመም ሰውን በሁሉ ነገር ተቀባይ ባደረገው ሰዓት፣ ይደገፋል፣ ይታጠባል፣ የባጃጁንም ሒሳብ ልጁ ይከፍልለታል፤ ምርቃት ግን እሱ ብቻ የሚሰጠው፣ ሌላውም ከልቡ የሚፈልገው ሀብት ሆኖ ይቀርለታል።

ሮቦቱ አሜን እንዲል ማድረግ ይቻላል፤ ይሁንና የሚረዝም ዕድሜ፣ የሚያድግ ልጅ፣ ጧሪ የሚያሻው እርጅና የለውም፤ ስለዚህ ምርቃቱ የሚያርፍበት አያገኝም። በሰላምታው በኩል ምንም አላጎደለም፤ ያጎደለው የአረጋዊውን ሰጪነት ነው፤ ይህም በሰላምታ ብዛት የሚካካስ አይደለም።

ተቃዋሚ በዚህ ጊዜ፣ ከሚያመናጭቅ ሰው ትሑት ማሽን አይሻልም ወይ ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መመናጨቅ እውነተኛ በደል ነውና፤ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን በ2008 ዓ.ም. በጀመረው የአምስት ዓመት ዕቅድ ውስጥ ማስገባቱ ጉድለቱን እንዳየው ያመለክታል። ነገር ግን ያመናጨቀ ሠራተኛ ሊወቀስ፣ ሊያፍር፣ አባባ ይቅር ይበሉኝ ሊል ይችላል፤ አረጋዊው ይቅር ሲለውም እንደገና ሰጪ ይሆናል። ማሽኑ ጨዋ የሆነው ባለጌ መሆን ስለማይችል ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ኢላይዛ የተባለውን በጽሑፍ የሚያነጋግር ፕሮግራም የሠራው ጆሴፍ ዋይዘንባም፣ ሰዎች ለፕሮግራሙ ልባቸውን ሲከፍቱ አይቶ ደንግጦ ነበርና፣ እ.ኤ.አ. በ1976 በታተመው መጽሐፉ መከባበርንና ርኅራኄን የሚጠይቅ ሥራ ለኮምፒዩተር እንዳይሰጥ አጥብቆ ተከራክሯል።

ከዚህ ሮቦት ከሆስፒታል ይባረር የሚል ድምዳሜ አይወጣም፤ ካርድ ቢፈልግ፣ ወረፋ ቢጠራ፣ ክፍል ቢያመለክት የሠራተኛውን ዓይን ከመዝገቡ ላይ ያነሣለታል፤ የተነሣው ዓይን አረጋዊው ላይ ካረፈም ማሽኑ አቀባበሉን አግዟል። አደጋው የሚመጣው ማሽኑ ሲገዛ የሠራተኛው መደብ ከደመወዝ መዝገብ የተሰረዘ እንደሆነ ነው። ስለዚህ ግዢውን የሚያጸድቅ ቦርድ ስለ ማሽኑ ዋጋና ስለሚናገራቸው ቋንቋዎች ከመጠየቁ በፊት፣ ቀድሞ በመስኮቱ ተቀምጦ የነበረው ሠራተኛ ከነገ ጀምሮ በየትኛው በር እንደሚቆም በጽሑፍ እንዲቀርብለት ማዘዝ ይኖርበታል።